እሳቱን ሳይሆን ሰዎቹን እዩ

በዚህ ቻናል የሰው ስቃይ የሚታይበት ቪዲዮ አልለጥፍም፤ ዛሬም ሊንክ አላያይዝም። ስለ አንዱ ግን ልንገራችሁ፤ ስለ እሳት የነበረኝን ግምት የቀየረው እሱ ነውና።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2003 ነው። በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ዌስት ዋርዊክ ውስጥ «ዘ ስቴሽን» ወደሚባል የምሽት ክበብ አንድ የቴሌቪዥን ካሜራማን ገባ። የመጣው ስለ ክበቦች ደህንነት ለሚሠራ ዘገባ ምስል ሊቀርጽ ነበር፤ ከ3 ቀን በፊት ቺካጎ በሚገኝ ሌላ ክበብ 21 ሰው ተረጋግጦ ሞቷል። «ግሬት ዋይት» የተባለው የሮክ ባንድ መጫወት እንደጀመረ መድረኩ ላይ ርችት ተለኮሰ። ብልጭታው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ አቀጣጠለው።

ቪዲዮውን ካገኛችሁት የመጀመሪያዎቹን 2 ደቂቃዎች ብቻ፣ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩ። ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸትና ሰቆቃ ነው፤ የሚጨምርላችሁ ትምህርት የለም። ዓይናችሁን ከነበልባሉ አንሡና ታዳሚውን ተመልከቱ። እሳቱ ወደ ጣሪያው ሲወጣ ብዙዎቹ ቆመው ያያሉ፤ የትርዒቱ አካል የመሰላቸውም ነበሩ። የእሳት ማስጠንቀቂያ ደወሉ የጮኸው ስፖንጁ ከተያያዘ ከ41 ሰከንድ በኋላ ነው። ካሜራማኑ ቀደም ብሎ እየቀረጸ ወደ በሩ ማፈግፈግ ጀምሯል። 2 ደቂቃ ሳይሞላ ዋናው በር እርስ በርስ ተደራርበው በወደቁ ሰዎች ተዘጋ። በዚያ ቃጠሎ 100 ሰው ሞተ።

በሮቹ እኮ አራት ነበሩ! አንዱ እዚያው መድረኩ አጠገብ፣ አንዱ ባሩ ጋ፣ አንዱ በማዕድ ቤቱ በኩል። አደጋውን ያጠናው የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም፣ ከታዳሚው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በዋናው በር ለመውጣት ሳይሞክር እንዳልቀረ ገምቷል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። ሰው የሚያውቀው የገባበትን በር ነው፤ ጭስ ውስጥ ሆኖ ደግሞ ሌላ በር መፈለግ አይቻልም።

ጭሱም ተራ ጭስ አይደለም። ፖሊዩረቴን የሚባለው ስፖንጅ ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ የተባሉ መርዛማ ጋዞች ያወጣል፤ ነበልባሉ ሳይደርስ ሰውን ራሱን ያስታል። ከዚሁ ዘር የሆነ ስፖንጅ ፍራሻችንና ሶፋችን ውስጥ አለ። መብራት በጠፋ ቁጥር አልጋ አጠገብ ሻማ የምታበሩ፣ እባካችሁ ተዉ።

የተቋሙ ተመራማሪዎች የክበቡን መድረክ አስመስለው ሠርተው ጣሪያው ላይ ውሃ መርጫ ቢገጠም ምን ይፈጠር እንደነበር ሞክረዋል። ውሃው እሳቱን ተቆጣጠረው። ክበቡ ግን መርጫ አልነበረውም።

የሰርግ አዳራሾቻችንን ሳይ ይሄ ሁሉ ይመጣብኛል። ጣሪያው በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከሥሩ ሙሽሮቹ ሲገቡ ርችት ይለኮሳል፤ የኋላው በር ላይ ትርፍ ወንበር ተደርድሯል። ድግስ ያላችሁ ሰዎች፣ አዳራሽ ከመከራየታችሁ በፊት ሁለተኛው በር የት እንዳለ ጠይቁ። ሄዳችሁ በእጃችሁ ግፉት። ከተቆለፈ ኃላፊውን ጥሩና እንግዳ ከመግባቱ በፊት ያስከፍት። ርችቱንም ከበጀቱ ሰርዙት፤ ሙሽሮቹን እልልታ ይበቃቸዋል።