የቆጋ ግድብ ውሃ እስከ ቦይ ጫፍ እንዲደርስ



በሰሜን ሜጫ ወረዳ፣ በመራዊ ከተማ አቅራቢያ በቆጋ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ የመያዝ አቅም አለው። እንዲያለማ የታቀደው መሬት 7,000 ሄክታር ነው። ቀድሞ ክረምትን ብቻ ይጠብቅ የነበረ ማሳ ዛሬ በበጋ ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት ይሰጣል። ውሃው የተኛበት ስፍራ ግን የአርሶ አደሮች የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። ስለዚህ ይህ ውሃ ዋጋ የተከፈለበት ነው።

ውሃው ምን ያህል ነው?

ግድቡ ሞልቶ ውሃው ለ7,000 ሄክታር እኩል ቢካፈል ለአንድ ሄክታር 12,000፣ ለአንድ ቃዳ ደግሞ 3,000 ሜትር ኩብ ያህል ይደርሳል። ሆኖም ፀሐይ የሚያተነው፣ በቦይ የሚሰርገውና ከማስወጫው በታች የሚቀረው ከዚህ ላይ ይቀነሳል። በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ውሃ ማጠጣት 100 ሜትር ኩብ ማባከን ነው። ጉዳቱ የሚታየው በቦዩ ጫፍ ባለው ጎረቤትዎ ማሳ ነው፤ ሽንኩርቱ ራስ ሲይዝ ወይም ስንዴው ፍሬ ሲሞላ ውሃ ያጣል።

ሌሊት በዋናው ቦይ የሚመጣው ውሃ በማጠራቀሚያ ኩሬዎች ተይዞ ቀን ይለቀቃል። ሌሊት ያለ ተራ ማጠጣት የነገውን ባለተራ ድርሻ መውሰድ ነው።

ደለል ከየት ይመጣል?

ከግድቡ በላይ ካሉ ማሳዎችና ቦረቦሮች ጎርፍ አፈር ይዞ ይወርዳል። ውሃው ግድቡ ውስጥ ሲረጋ አፈሩ ይዘቅጣል። ደለል የያዘው ቦታ ውሃ አይይዝም። የላይኛው አርሶ አደር ለም አፈሩን፣ የታችኛው ደግሞ ውሃውን ያጣል።

ከእርስዎ የሚጠበቀው

1. ከማጠጣትዎ በፊት ከሥሩ አካባቢ አፈር ቆፍረው ይጨብጡ። ተያይዞ እጅዎን ካረጠበ ጥቂት ቀን ይቆዩ።
2. ማሳዎን ያስተካክሉ፤ ትልሙን አሳጥረው ያውጡ።
3. የመስኖ ወቅት ሳይጀመር ከቡድንዎ ጋር የቦዩን ደለልና አረም ይጥረጉ።
4. በውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር የወጣውን ተራ ያክብሩ፤ ያስከብሩም።
5. በላይኛው ተፋሰስ በሚካሄደው የእርከንና የክትር ሥራ ይሳተፉ፤ በተሠራበት ቦታ ከብት በልቅ አያሰማሩ።

ይህንን በማሳዎ አሳይተው ለተከታይ አርሶ አደሮች ያካፍሉ።