ተጨማሪ መረጃ፦ ኩላሊት ሲደክም ጣት ለምን ይደነዝዛል?

የኩላሊት እጥበት ለብዙ ዓመታት ያደረጉ አንዳንድ ሕሙማን ትከሻቸውን ያማቸዋል፤ ጣታቸውም ይደነዝዛል። ኩላሊትንና ጣትን ምን አገናኛቸው? የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 መልሱን አገኙት፦ ቤታ-2 ማይክሮግሎቡሊን የተባለ፣ 99 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ትንሽ ፕሮቲን።

ፕሮቲኑ ባዕድ አይደለም። ኒውክለስ ባላቸው ሕዋሳት ገጽ ላይ ሆኖ በሽታ የመከላከሉን ሥራ ያግዛል፤ ሲላቀቅ ወደ ደም ይገባል፤ ጤነኛ ኩላሊት ደግሞ አጣርቶ ይሰባብረዋል። ኩላሊት ሥራ ሲያቆም ግን በደም ውስጥ ያለው መጠን እስከ 60 እጥፍ ሊያሻቅብ ይችላል። የቀድሞዎቹ የእጥበት ማጣሪያዎች ቀዳዳቸው ጠባብ ስለነበር ዩሪያን ሲያሳልፉ እሱን ደም ውስጥ ያስቀሩት ነበር።

መብዛቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ፕሮቲኑ ትክክለኛ እጥፋቱን ሲስት ከመሰሎቹ ጋር እየተደራረበ ቀጭን፣ በቀላሉ የማይሟሟ ክር ይሠራል። አሚሎይድ የሚባለው ይህ ነው። የሚከማቸውም በተለይ ኮላጅን በበዛባቸው መገጣጠሚያዎችና ጅማቶች ላይ ነው። ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያላቸው የዛሬ ማጣሪያዎች ችግሩን ቀንሰውታል፤ ጨርሰው ግን አላጠፉትም።

እስቲ የእጅ አንጓችሁን በመዳፉ በኩል ዳስሱ። ከቆዳው ሥር ባለ ጠባብ መተላለፊያ ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጠጋግተው ያልፋሉ። አሚሎይድ እዚያ ሲጠራቀም ነርቩ ይጨመቃል። ነርቩ ወደ የትኞቹ ጣቶች እንደሚሄድ በሰውነት ክፍሎች ሥዕል ላይ ፈልጉ።