ባክቴሪያ የሚሠራው ክር

የውሃ እንስራ ሳይታጠብ ብዙ ቀን ከቆየ ውስጡን ዳስሱት። ያሙለጨልጫል አይደለም? ያ የሚያሙለጨልጨው ነገር የባክቴሪያዎች መንደር ነው። ባክቴሪያ ማለት በዓይን የማይታይ፣ ሕይወት ያለው በጣም ትንሽ ነገር ነው።

ባክቴሪያዎች ውሃ ጠርጎ እንዳይወስዳቸው ካሉበት ቦታ ጋር ይጣበቃሉ። ለመጣበቂያ ክር የሚሠሩ አሉ። በአንጀታችን ከሚኖሩት አንዱ ኢ. ኮላይ ይባላል። የእሱ ክር ስሙ ከርሊ ነው። ክሩ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። እንጀራ በመሶብ ውስጥ እንደሚነባበር፣ ትናንሽ ፕሮቲኖች አንዱ በሌላው ላይ ይነባበራሉ። እንዲህ የተነባበረ ፕሮቲን አሚሎይድ ይባላል። ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ አይበጠስም።

አሚሎይድ ስሙ የከፋ ነው። አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ በያዘው ሰው አንጎል ውስጥ የአሚሎይድ ክምር ይገኛል። ባክቴሪያው ግን ክሩን የሚሠራው ለገዛ ጥቅሙ ነው። እኛስ ምን እንጠቀምበታለን?

ሜርኩሪን እንውሰድ። አባቶቻችን ባዜቃ ይሉታል። በጃፓን አገር ሚናማታ በምትባል ከተማ አንድ ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ቆሻሻ ወደ ባሕር ይደፋ ነበር። መርዙ ወደ ዓሣው ገባ፤ ሰው ዓሣውን በላ። በሽታው በይፋ የታወቀው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ነው። የሰው እጅ ተንቀጠቀጠ፣ አንደበት ተሳሰረ፣ በእናታቸው ሆድ ሳሉ የተመረዙ ሕፃናት ተወለዱ። ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ሜርኩሪን ግን አያወጣም። ይህን ልብ በሉ።

በ2017 ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ኢ. ኮላይን አዲስ ጠባይ ሰጡት። ውሃው ውስጥ ሜርኩሪ ሲገባ ባክቴሪያው ያውቃል። ያን ጊዜ ክሩን ማምረት ይጀምራል። ክሩም ሜርኩሪውን ይዞ ያስቀራል። እኔን የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ መርዙ ራሱ ሠራተኛውን ይቀሰቅሰዋል!

ሌላም ሥራ አለው። በ2014 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሰዎች ይህን ፕሮቲን ከአንድ የባሕር እንስሳ ፕሮቲን ጋር አዋሃዱት። እንስሳው ማዕበል እየመታው ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ነው። ከሁለቱ ውሃ ውስጥ የሚያጣብቅ ሙጫ ተገኘ።

ታዲያ ባክቴሪያውን ወንዝ ውስጥ እንልቀቀው? አይሆንም! ጠባዩ የተለወጠ ሕያው ነገር እንዲሁ አይለቀቅም። ክሩን ግን ከባክቴሪያው ለይቶ በማጣሪያ መሰብሰብ ይቻላል። ደግሞም ክሩ መርዙን ያዘው እንጂ አላጠፋውም። ሜርኩሪ የጠጣው ክር ራሱ መርዝ ነውና ሰውና ከብት በማይደርስበት፣ ውሃ በማይነካው ቦታ መቀመጥ አለበት።