ተሳላሚው ገንዘቡን እንዴት ይያዝ?

ቀድሞ አባቶቻችንና እናቶቻችን ወደ ኢየሩሳሌም ለመሳለም ሲነሡ የመንገዳቸውን ገንዘብ በመቀነታቸው ቋጥረው፥ ስንቃቸውን አዘጋጅተው፥ በእግርና በመርከብ ብዙ ጊዜ ይጓዙ ነበር። ዛሬ ግን መንገዱ በአውሮፕላን የጥቂት ሰዓት ሆኗል፤ የመቀነቱንም ቦታ ከመዳፍ የምታንስ አንዲት የባንክ ካርድ ወስዳዋለች። በመቀነት የተቋጠረ ገንዘብ በማናቸውም ሰዓት ይፈታል፤ ካርዷ ግን የያዘችውን የምትሰጠው ሥርዓቷን ላወቀ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህም በዚህ ወር ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ምክር እንዲሆን ስለዚሁ ነገር ጥቂት ለመጻፍ አሰብን።

ለመጻፍ ያነሣሣን በዓይናችን ያየነው ነገር ነው። ከእኛ ጋር ለመሳለም የሄዱ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ለመንገዳቸው የሚሆነውን ገንዘብ፥ ጎረቤቶቻቸውም ለጧፍ መግዣ የሰጧቸውን የስለት ገንዘብ፥ በአንድ ካርድ አስገብቶ ሰጥቷቸዋል። ጎረቤቶቹ የለመኑት በቀዳም ሥዑር በብርሃነ ትንሣኤው የሚለኰሰውን፥ በጌታችን ዕድሜ ልክ 33 ሆኖ የሚታሰረውን ጧፍ እንዲያመጡላቸው ነበር። የስቅለት ስግደት ተፈጽሞ ሲመሽ፥ እኒህ እናት በያፋ መንገድ ከአንድ ባንክ ግድግዳ ላይ ወዳለው የገንዘብ መክፈያ መኪና፥ በተለምዶ ኤቲኤም ወደሚባለው፥ ቀረቡ። ከድካም የተነሣ የምሥጢር ቍጥራቸውን አዛውረው ሦስት ጊዜ ቢነኩ፥ መኪናው ካርዳቸውን ውጦ ዝም አለ። ሰንበተ አይሁድ ገብቷልና ባንኩ እስከ እሑድ አይከፈትም፤ እሑድ ደግሞ ፋሲካ ነው። እናታችንም፦ «ልጆቼ፥ የእኔስ ይቅር፤ የሰው አደራ ተቀብዬ ምን ብዬ እመለሳለሁ?» ብለው አለቀሱ።

ይህ መኪና ለብዙዎቻችን እንግዳ ቢመስልም ዕድሜው ከ50 ዓመት አልፏል። ባርክሌይስ ባንክ በሎንዶን ዳርቻ በኤንፊልድ የመጀመሪያውን ያቆመው በሰኔ 20 ቀን 1959 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ደንበኛው የሚያስገባው ካርድ ሳይሆን ከባንኩ የተቀበለውን ልዩ ወረቀት ነበር፤ በእርሱም 10 ፓውንድ ይከፈለው ነበር። የመኪናው ሠሪ ጆን ሼፐርድ ባሮን የምሥጢሩን ቍጥር ባለ 6 አኃዝ ሊያደርገው አስቦ ሳለ፥ ባለቤቱ ከ4 የበለጠ ለማስታወስ እንደማትችል ስለ ነገረችው በ4 መወሰኑን ተርኳል። ብዙ ሰው ዛሬም የሚይዘው ባለ 4 አኃዙን ነው።

እንግዲህ መንገደኛ ሊያደርገው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር፥ ከአገሩ ሳይነሣ ባንኩን መጠየቅ ነው። ለብር ሒሳብ የተሰጠ ካርድ በውጭ አገር ላይሠራ ይችላል፤ ለመንገድ የሚሆነው የውጭ ገንዘብ የተሞላበት ካርድ ነው፤ ይህንንም ለማግኘት ፓስፖርትና የጉዞ ማስረጃ ይጠየቃል። የምንዛሪው ሥርዓት በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተለወጠ ወዲህ ዋጋው ከባንክ ባንክ ስለሚለያይ፥ የዕለቱን ዋጋ አነጻጽሮ መግዛት ይበጃል። ባንኩ ማረጋገጫ ቍጥር በስልክ የሚልክ እንደ ሆነም፥ ስልኩ በውጭ አገር እንዲሠራ አስቀድሞ ማስከፈት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር በመኪናው ፊት ያለው ጥንቃቄ ነው። መኪናው፦ «ሒሳቡ በሰቅል ይሁን ወይስ በዶላር?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፥ ሰቅልን ምረጡ። ዶላሩን የመረጠ ሰው የመኪናው ባለቤት ትርፉን ጨምሮ ባወጣው ዋጋ ይመነዘርበታል። በየጊዜው ለማውጣት የሚከፈል የአገልግሎት ዋጋም አለና፥ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ከማውጣት ለሦስት ወይም ለአራት ቀን የሚበቃውን ባንድ ጊዜ ማውጣት ይሻላል። ቍጥሩን ስትነኩ በሌላው እጃችሁ ሸፍኑ፤ ልርዳችሁ የሚል የማታውቁት ሰው ቢመጣ አመስግናችሁ እለፉት። ሁለት ጊዜ ተሳስታችሁ እንደ ሆነ ሦስተኛውን አትሞክሩ፤ ካርዱን አውጥታችሁ ሂዱና ቍጥሩን አጣሩ።

ሦስተኛው ነገር ጊዜውን ማወቅ ነው። በኢየሩሳሌም ከዓርብ ፀሐይ ግባት በፊት ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ምሽት ድረስ ባንኮችና የአይሁድ ሱቆች ይዘጋሉ። መኪናው በዚያ ሰዓት ቢሠራም እንኳ ካርዱን ቢያስቀር የሚጠየቅ ሰው አይገኝም። ስለዚህ ለሰሙነ ሕማማት የሚሆነውን ገንዘብ በጊዜ፥ ባንኩ ተከፍቶ ሳለ ማውጣት ይገባል። አንዳንድ ሆቴልም ለዋስትና ብሎ ከካርዱ ላይ ገንዘብ ያግዳል፤ ያ ገንዘብ እስኪለቀቅ ድረስ በእጅ እንዳለ አይቈጠርም።

አራተኛው ነገር፥ ሁሉን በአንድ ቦታ አለማኖር ነው። ጥቂት ጥሬ ገንዘብ በሌላ ኪስ ይቀመጥ። በካርዱ ጀርባ ያለው የባንኩ የስልክ ቍጥር በማስታወሻ ይጻፍ፤ ካርዱ ሲጠፋ ቍጥሩም አብሮ ይጠፋልና። የምሥጢሩ ቍጥር ግን በልብ ይጻፍ እንጂ ከካርዱ ጋር በወረቀት አይታሰር።

ወደ እናታችን ነገር እንመለስ። በዚያው ሌሊት ለልጃቸው ስልክ ደወልንለት፤ እርሱም ባንኩን ጠይቆ ካርዱን አዘጋው። እንዲህ ያለ የተዋጠ የውጭ አገር ካርድ ብዙ ጊዜ ለባለቤቱ አይመለስም፤ በሒሳቡ ያለው ገንዘብ ግን አይነካም። የማኅበሩ ሰዎችም፦ «እማማ፥ አይዘኑ፤ አገር ስንገባ ይከፍሉናል» ብለው ከየኪሳቸው አዋጡ። በማግስቱ ማለዳ በአሮጌው ከተማ ካሉት፥ ቅዳሜ ከማይዘጉት ሱቆች ጧፉን ገዝተን፥ እናታችን የጎረቤቶቻቸውን ስም አንድ ባንድ እየጠሩ በብርሃኑ ለኰሱት። አገር እንደ ገቡም ብድራቸውን ሳይውሉ ሳያድሩ መለሱ።

አደራው የዳነው በወንድሞች ፍቅር ነው። ቢሆንም ወንድም በሌለበት አገር የሚጓዝ ብዙ ነውና፥ አስቀድሞ መጥኖ መደቈስ የሁላችን ፈንታ ነው። በተለይ እናንተ ልጆች ሆይ፥ ለወላጆቻችሁ ካርድ ስትሰጡ፥ ሳይነሡ በፊት በአገራችን መኪና ፊት አቁማችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ አለማምዷቸው። ካርዱን መስጠት ብቻ ስንቅ መስጠት አይዶለም። እግዚአብሔር የተሳላሚዎችን ሁሉ መንገድ ያቅና፤ በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልስ።