ቁጥር 28

ሶፍትዌር ሲወደስ ፍጥነቱና መልኩ ይነሳል፤ የስህተት መልእክቱን የሚያነሳ የለም። እኔ ግን የማየው እሱን ነው፤ ፕሮግራሙ ሲቸገር ከሰው ጋር የሚነጋገርበት አፍ ሌላ የለውማ።

ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱ ክፍት የሆነ፣ የፈለገ አንብቦ ማረሚያ የሚልክበት ሶፍትዌር ነው። ይህ ይበቃል፤ ወደ ቁጥር 28 እንሂድ።

ኦፕን ሶርስ የሆነው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሊነክስ፣ ፕሮግራም የጠየቀው ሥራ አልሳካ ሲለው የሚመልሰው ቁጥር ብቻ ነው። እኛ የምናነበው ጽሑፍ ለየቁጥሩ አስቀድሞ ከተዘጋጀ ሰንጠረዥ ይወጣል። የ28 ጽሑፍ «መሣሪያው ላይ የቀረ ቦታ የለም» ይላል፤ ዲስክ ሲሞላ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን ፋይል ሲለወጥ ለፕሮግራሞች የሚያሳውቀው አይኖቲፋይ ሊነክስ ውስጥ ገባ። አንድ ተጠቃሚ ሊኖሩት ለሚችሉት የፋይል መከታተያዎች ብዛት ገደብ ተበጀ፤ ለዓመታት የተለመደው 8192 ነበር። ገደቡ ሲሞላ የሚመለሰውም ያው 28 ሆነ። ምክንያቱ ሁለት፣ ጽሑፉ አንድ፤ እሱም የዲስክ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር የሶፍትዌር ተማሪ ጎረቤቴ ኖድ ጄኤስ በተባለው የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ አሮጌ እትም ሲሠራ በዚህ ተታለለ። ያቺን መልእክት ባየ ቁጥር ፊልም ያጠፋል። ፊልሙ ሲያልቅ በስንት የሞባይል ዳታ ያወረዳቸውን የትምህርት ቪዲዮዎች ማጥፋት ጀመረ። «ጋሼ፣ ይሄ ዲስክ ሳይበላሽ አይቀርም» ብሎ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። «ዲኤፍ» የምትለዋን ትእዛዝ ጽፈን ብናይ የዲስኩ ግማሽ ባዶ ነው። የመከታተያውን ገደብ የሞላው የፕሮጀክቱ «ኖድ ሞጁልስ» ፎልደር ውስጥ የታጨቀው የፎልደር መዓት ነበር። «ታዲያ ለምን ቦታ የለም ይላል?» አለ ተናዶ። እውነቱን ነው።

የኖድ ጄኤስ ሰዎች ይህን ያቃኑት በጥቂት መስመር ኮድ ነው፦ ፋይል ለመከታተል ሲሞከር 28 ከመጣ፣ የፋይል መከታተያዎች ገደብ መሙላቱን የሚናገር ጽሑፍ ይውጣ። «ኢኖስፔስ» የሚለውን የስህተት መለያ ግን አልነኩትም። እሱን የሚያነቡት ሌሎች ፕሮግራሞች ናቸው፤ ቢለወጥ ስንቱ ይሰበራል! ለማሽን የተጻፈው ባለበት ቀረ፣ ለሰው የተጻፈው ተቃና። እኔን የሚማርከኝ ይህ ጥንቃቄ ነው። ሊነክስም እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው እትም 5.11 ወዲህ ገደቡን በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ልክ ያሰላል።

እናንተ ደግሞ ገደቡን ከፍ ለማድረግ 524288 የምትለዋን ቁጥር ከኢንተርኔት ገልብጣችሁ የምትለጥፉ፣ ቢያንስ የምን ቁጥር እንደሆነች እወቁ። እያንዳንዱ መከታተያ ሊነክስ ለራሱ ከሚይዘው ሜሞሪ አንድ ኪሎባይት ገደማ ይወስዳል። 

እንዲህ ያለውን አሳሳች መልእክት ማረም የሊቅ ሥራ ይመስላል፤ አይደለም። ሊቁ 28ን ሲያይ ገደቡን ከፍ አድርጎ ያልፋል፤ ጽሑፉ መዋሸቱ ከተረሳው ቆይቷል። ዋጋ የሚከፍለው ጀማሪው ነው። ስለዚህ እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ፣ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ልጆች፣ የመጀመሪያ ማረሚያችን ምን ይሁን ካላችሁ፣ በቅርቡ ያታለላችሁን መልእክት አንሱ። ምን ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ እንደማትታለሉ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።