ሁለት ቋንቋ በሦስት ፊደል፦ የአክሱሙ የዒዛና ድንጋይ

በአክሱም ከተማ በዒዛና መናፈሻ የቆመው የመታሰቢያ ድንጋይ «ባለ ሦስት ቋንቋ» መባሉ የተለመደ ነው። ስያሜው ግን እርማት ይሻል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቀረጸው ጽሑፍ የንጉሡ ወንድሞች በቤጃ ላይ የመሩትን ዘመቻ ይዘክራል፤ አንዱ ክፍል በጽርእ፣ ሌላው አናባቢን በማያመለክት የግእዝ ፊደል፣ ሦስተኛው በሳባ ፊደል ሰፍሯል። ይህ ሦስተኛው ክፍል ሳብኛ አይደለም። ጸሐፊው በብዙ ቃላት መጨረሻ «ም»ን እየቀጠለ የሳብኛ መልክ ቢሰጠውም ቋንቋው ግእዝ ነው።

ጽርኡ በእርግጥ ለባዕድ አንባቢ የተዘጋጀ ይመስላል፤ በግእዙ ማሕረም የተባለው አምላክ በጽርኡ አሬስ ሆኗልና። የሳባው ፊደል ግን ለሳብኛ ተናጋሪ ጽሑፉን እምብዛም አይገልጥለትም። ጥቅሙን ከንባብ ይልቅ በንጉሡ ማዕረግ ውስጥ መፈለግ ይሻላል፤ ዒዛና በዚሁ ድንጋይ ላይ ከአክሱም ጋር የሳባና የሒምየር ንጉሥ ነኝ ይላል።