ያለ እጥበት የሚያገግም ኩላሊት

ከላሊበላ ከተማ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣው ዳገት የጤነኛ ሰው ጉልበት እንኳ ይፈትናል። ገዳሟ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። በከተማዋ ዙሪያ ባሉ፣ መኪና በማይደርስባቸው የላስታ መንደሮች ታማሚ የሚወርደው በቃሬዛ ነው፤ በመንገድ የሚባክነው ሰዓት ደግሞ ኩላሊትን ክፉኛ ይጎዳል።

ተቅማጥና ትውከት፣ በወሊድ ጊዜ የሚፈስ ብዙ ደም፣ ከቆላ ይዘውት የሚመጡት ከባድ ወባ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ያሳንሳሉ ወይም ኩላሊቱን ራሱን ያውካሉ። ሽንት በቀን ከ400 ሚሊ ሊትር በታች ከወረደ ነገሩ ብርቱ ነው።

ቤተሰብ «ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል» ሲባል ወዲያው የሚያስበው የኩላሊት እጥበትን (ዲያሊሲስን) ነው። ከብት ሸጦ፣ ተበድሮ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ለመግባት ይነሳል። ነገር ግን በድንገት የተጎዳ ኩላሊት ለዓመታት ሲደክም ከኖረው ይለያል፤ መንስኤው ቶሎ ከታከመ ብዙውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ያገግማል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ የፈረንሳይ ጥናት 620 የፅኑ ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ ነበር። ግማሾቹ ወዲያው እጥበት ጀመሩ፤ ለቀሩት አደገኛ ምልክት እስኪታይ ተጠበቀ። ከተጠበቀላቸው መካከል 49 በመቶው እጥበት ሳያስፈልጋቸው ቀረ፤ በሟቾች ቁጥርም በሁለቱ ወገኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም።

መጠበቅ ሲባል ግን ዝም ብሎ ማየት አይደለም። ሐኪሙ የጎደለውን ፈሳሽ በደም ሥር ይተካል፤ ሲበቃም ያቆማል፣ የተረፈው ሳንባን ያጥለቀልቃልና። ስለዚህ የሚገባውም የሚወጣውም እየተለካ ይመዘገባል። ይህ ሥራ የሚፈልገው መለኪያ ዕቃ፣ ብዕርና የማትሰለች ነርስ ነው፤ ብዙ ሕይወት የሚተርፈውም በዚሁ ነው። ዳይክሎፌናክን የመሰሉ ማስታገሻዎች ይቆማሉ። ደም ውስጥ የሚከማቸው ፖታሲየም ልብን ሊያቆም ስለሚችል ሙዝና ብርቱካን ይከለከላሉ። ካልሲየም በደም ሥር ሲሰጥ ልብን ይጠብቃል፤ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር ሲሰጥ ፖታሲየሙን ወደ ሕዋሳት ያስገባል። ሁለቱም የሚሠሩት ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው።

ፖታሲየሙ አልወርድ ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ታማሚው መቃዠት ከጀመረ እጥበት የግድ ነው። ከላሊበላ እስከ እጥበት ማዕከል ያለውን ርቀት ለሚያውቅ ሐኪም ሪፈር የሚጻፈው ታማሚው ሳይዳከም ነው።

ቤተሰብም ድርሻ አለው፦ ተቅማጥ ለያዘው ሰው ኦአርኤስ ቶሎ ይሰጠው፣ ሽንቱ ከቀነሰ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይድረስ፣ የወሰደው ኪኒንም ሆነ የባህል መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ ሳይደበቅ ይነገር።